«ሥራው በመካሄድ ላይ ነው»፦ የመቀጠልና የመሆን ቃላት በመሐንዲስ ጽሑፍ ውስጥ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



የመሐንዲስ ሥራ በቁጥርና በንድፍ ብቻ የሚያልቅ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። በእርግጥም የምሰሶውን ውፍረትና የቧንቧውን ስፋት የሚወስነው ቁጥር ነው። ዳሩ ግን ሥራው መቼ እንደሚጀመር፣ በማን ትእዛዝ እንደሚቋረጥ፣ ከተቋረጠም በኋላ በምን ሁኔታ እንደገና እንደሚነሣ የሚወስነው ቃል ነው። ቁጥር ሲሳሳት በስሌት ይታረማል፤ ቃል ሲሳሳት ግን ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የሚታወቀው ጉዳት ከደረሰ ወይም ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው።

የዛሬው ንግግር ስለ አንዲት አነስተኛ የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። ይህች ግሥ «ጎ ኦን» የምትባለው ናት። «ጎ» መሄድ ነው፤ «ኦን» ደግሞ በላይ ወይም ወደ ፊት የሚል አገባብ ነው። እንግሊዞች ሁለቱን አጭር ቃላት ገጥመው አንድ ግሥ ሲያደርጓቸው ግን የተገኘው ፍቺ ከሁለቱ ድምር የሰፋ ሆኗል። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲሰጥ ተማሪው አንድን ቃል ደጋግሞ እንዳይጽፍ፣ ይልቁንም በተመሳሳይ ቃላት እየለዋወጠ ድርሰቱን እንዲያሳምር ይመከራል። ስለዚህም ለ«ጎ ኦን» ምትክ የሚሆኑ ቃላት በረጅም ዝርዝር ተደርድረው ይጠናሉ። ይህ ልማድ ለድርሰት ቢጠቅምም ለሙያ ጽሑፍ አደጋ አለው። በዝርዝሩ ውስጥ ተመሳሳይ ተብለው ጎን ለጎን የተቀመጡት ቃላት በግንባታ ቦታና በማሽን ክፍል ውስጥ አንዱ በሌላው የማይተካ ልዩ ልዩ ነገር ያዛሉና።

በመጀመሪያ የግሥቱ ልዩ ልዩ ፍቺዎች ይታዩ። «ጎ ኦን» አንደኛ፣ የተጀመረ ነገር ሳይቋረጥ መቀጠሉን ያመለክታል። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር መሆኑን ወይም መካሄዱን ይናገራል፤ እንግሊዛዊ በአንድ ቦታ ግርግር ቢሰማ የሚጠይቅባት ቃል ይህችው ናት፤ አማርኛ ተናጋሪ በዚያ ቦታ «ምን ተፈጠረ?» ወይም «ምን ተገኘ?» ይላል። ሦስተኛ፣ ከአንድ ሥራ ወደሚቀጥለው ሥራ ማለፍን ያሳያል። አራተኛ፣ መብራት ሲበራ ወይም ማሽን ሲነሣ ይነገራል።

አንደኛውና አራተኛው ፍቺ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገናኙ ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ የውኃ ፓምፕ መመሪያ ላይ «ግፊቱ ሲቀንስ ፓምፑ ጎዝ ኦን» ተብሎ ተጽፏል ይባል። ይህ አነጋገር ቆሞ የነበረው ፓምፕ ይነሣል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሲሠራ የነበረው ፓምፕ ሥራውን ይቀጥላል ማለት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ፣ ቆሟል ብሎ እጁን ወደ ማሽኑ የሚያስገባ ጠጋኝ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ነው። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ ውኃ ባልደረሰው ፓምፕ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ግሎ ይቃጠላል። መመሪያውን ወደ አማርኛ የሚመልስ መሐንዲስ «ይነሣል» ወይም «መሥራቱን ይቀጥላል» ብሎ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። አማርኛው እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጥንቁቅ ነው፤ ተርጓሚው ሳይገባው እንዲያልፍ አይፈቅድለትም።

ቀጥሎ የመቀጠል ወገን የሆኑት ቃላት ይመርመሩ። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ «ኮንቲኒው»፣ «ፕሮሲድ»፣ «ሪዚዩም»፣ «ፐርሲስት»፣ እንዲሁም በዕለታዊ ንግግር የሚዘወተሩት «ኬሪ ኦን»ና «ኪፕ ኦን» ናቸው። «ኮንቲኒው» ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ ማያያዝ፣ አንዱን ከሌላው ሳይለያይ መግጠም ነው። የአማርኛው «ቀጠለ»ም እንደዚሁ ነው፤ ገመድ ሲያጥር በሌላ ገመድ ይቀጠላል፤ ፌሮም ርዝመቱ ሳይበቃ ሲቀር ይቀጠላል። በሁለቱም ቋንቋዎች ዘንድ መቀጠል ማለት የኋላው ከፊተኛው ጋር ክፍተት ሳይኖር መያያዙ ነው። «ፕሮሲድ» ደግሞ በላቲን ወደ ፊት መራመድ ነው፤ ከቆሙበትም ይሁን ከሚሄዱበት ቦታ ተነሥቶ መግፋትን ያሳያል። «ሪዚዩም» እንደገና ማንሣት ስለሆነ ከበፊቱ መቋረጥ እንደነበረ በግድ ያስረዳል። «ፐርሲስት» እስከ መጨረሻ ጸንቶ መቆም ነው፤ ስለዚህም ለሥራ ሳይሆን ይልቁንም ለጉድለት፣ ለምሳሌ ደጋግሞ ቢጠገንም ለማይቆም ፍሳሽ ይነገራል።

ይህ ልዩነት የመዝገበ ቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የግንባታ ውል ይመሰክራል። በ1913 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊዲክ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቀይ መጽሐፍ» ተብሎ የሚታወቀው የውል ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንቀጽ 8.1 መሠረት ተቋራጩ ሥራውን ከጀመረ በኋላ በተገቢው ፍጥነትና ያለ መዘግየት መግፋት አለበት፤ በዚህ ቦታ የገባው ቃል «ፕሮሲድ» ነው። በአንቀጽ 8.8 መሐንዲሱ የሥራውን ከፊል ወይም ሁሉንም እንዲያቋርጥ ተቋራጩን ማዘዝ ይችላል። መቋረጡ ከ84 ቀን በላይ ከዘለቀ፣ በአንቀጽ 8.11 ተቋራጩ ሥራውን ለመግፋት ፈቃድ ይጠይቃል። መሐንዲሱ በ28 ቀን ውስጥ ፈቃድ ካልሰጠ፣ ተቋራጩ የተቋረጠውን ክፍል ከውሉ እንደ ተቀነሰ ሊቆጥረው፣ መቋረጡ ሥራውን በሙሉ የሚነካ ከሆነም ውሉን እስከ ማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። ሥራው እንደገና ሲነሣ ደግሞ በአንቀጽ 8.12 «ሪዚዩም» በሚለው ቃል ርእስ ሥር ተቋራጩና መሐንዲሱ ሥራውንና ዕቃውን አብረው ይመረምራሉ፤ በመቋረጡ ጊዜ የተበላሸውንም ተቋራጩ ያድሳል።

እንግዲህ በዚህ ውል ሥር የሚሠራ አንድ የመስክ መሐንዲስ፣ ቃል ለማሳመር ሲል «ሥራውን ሪዚዩም አድርጉ» በማለት ፈንታ «ሥራውን ኮንቲኒው አድርጉ» ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ ምን ያስከትላል? ተቋራጩ «ሥራው ቆሞ እንደነበረ ደብዳቤው አይናገርም፤ እንግዲያው ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?» ሊል ይችላል። ወይም በተቃራኒው፣ ሥራው ሳይቋረጥ «ሪዚዩም» ብሎ የጻፈ መሐንዲስ መቋረጥ እንደነበረ በራሱ ፊርማ ያመነ ያስመስላል፤ በዚህም ለተጨማሪ ጊዜና ለተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ በር ይከፍታል። ከሁለት ቃላት አንዱን በሌላው መተካት በተማሪ ደብተር ላይ የሚያስመሰግን ሲሆን በውል ላይ ገንዘብ ያስከፍላል።

በዚሁ ወገን አንድ ሌላ ረቂቅ ነጥብ አለ። እንግሊዝኛው ከ«ጎ ኦን» በኋላ የሚመጣውን ግሥ ቅርጽ በመለወጥ ብቻ ሁለት ልዩ ልዩ ትእዛዝ ይሰጣል። ተከታዩ ግሥ በ«ኢንግ» ሲያልቅ የያዝኸውን ሥራ አትተው ማለት ነው። ተከታዩ ግሥ «ቱ» ሲቀድመው ግን የያዝኸውን ፈጽመህ ወደሚቀጥለው እለፍ ማለት ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት በግልጽ ይለየዋል፤ «ቫልቮቹን መመርመሩን ቀጠለ» ሲባል ምርመራው አስቀድሞ ተጀምሯል፤ «ቀጥሎ ቫልቮቹን መረመረ» ሲባል ግን ምርመራው አዲስ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ተርጓሚ በችኮላ ሁለቱንም «ይቀጥሉ» በሚል አንድ ቃል ቢያጠቃልላቸው፣ የፍተሻ ቅደም ተከተል የሚከተል ሠራተኛ አንዱን ደረጃ ዘልሎ ሊያልፍ ወይም የተፈጸመውን ደረጃ ሲደጋግም ሊውል ይችላል።

የመቀጠል ቃል በማሽን ላይ በሚለጠፈው ሰሌዳ ላይም ይገኛል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን የኤሌክትሪክ ሞተሮችን የሥራ ዓይነት በምድብ ከፍሎታል። ኤስ 1 የተባለው ምድብ ሞተሩ በማይለወጥ ጭነት፣ ሙቀቱ ከፍ ብሎ በአንድ ደረጃ እስኪረጋ ድረስና ከዚያም በኋላ ሳይቋረጥ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ያመለክታል። ኤስ 2 ለአጭር ጊዜ ሠርቶ እስኪቀዘቅዝ የሚያርፍ፣ ኤስ 3 ደግሞ እየሠራ እያረፈ የሚሄድ ሞተር ነው። ኤስ 6 የሚባለውን ያየ እንደሆነ አንባቢው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። የዚህ ምድብ ስም «የማይቋረጥ» የሚል ቃል ይዟል፤ ነገር ግን የማይቋረጠው መሽከርከሩ እንጂ ጭነቱ አይደለም። ሞተሩ ያለ ማቋረጥ ይዞራል፤ ጭነቱ ግን ይመጣል ይሄዳል። «የማይቋረጥ» የሚለውን ብቻ አንብቦ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጭነት የሚያሠራው ሰው ሞተሩን ያቃጥለዋል።

ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። በአይ.ኤስ.ኦ. 8528 ደረጃ መሠረት «የማይቋረጥ ኃይል» የተባለው መጠን በዓመት ውስጥ ለሰዓት ገደብ የሌለው፣ ጭነቱም የማይለወጥ ነው። «ዋና ኃይል» የተባለው መጠንም የሰዓት ገደብ የለውም፤ ነገር ግን ጭነቱ ከፍና ዝቅ የሚል ሲሆን፣ አምራቹ ሌላ ካልፈቀደ በስተቀር በ24 ሰዓት ውስጥ አማካዩ ከ70 በመቶ መብለጥ የለበትም። «የአስቸኳይ ጊዜ ኃይል» ደግሞ በዓመት እስከ 200 ሰዓት ብቻ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሆስፒታል ወይም የፋብሪካ ጄኔሬተር ለብዙ ሰዓት ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ ገዢው በጨረታ ሰነዱ ላይ «ያለማቋረጥ የሚሠራ» ብሎ ሲጽፍ ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በስሙ ካልጠራው፣ ሻጩ በትልቁ ቁጥር፣ ማለትም በአስቸኳይ ጊዜው ኃይል፣ ዕቃውን ቢያቀርብለት የሚከስበት ቃል አያገኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ መሆን ቃላት እንለፍ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ «ሃፕን»፣ «ኦከር»ና «ቴክ ፕሌስ» የሚሉ ቃላት አሉት። «ሃፕን» ዕድልና አጋጣሚ ከሚል ጥንታዊ ቃል የተወለደ ነው። «ኦከር» በላቲን ሮጦ መገናኘት ነው፤ ይህም የአማርኛውን «አጋጠመ» ያስታውሳል። «ቴክ ፕሌስ» ግን በአብዛኛው ታስቦበት ቀን ለተቆረጠለት ነገር ይነገራል፤ ርክክብ «ቴክ ፕሌስ» ያደርጋል፤ ፍንዳታ ግን «ኦከር» ያደርጋል።

አማርኛ በዚህ ወገን ይበልጥ ሀብታም ነው። አደጋ ይደርሳል፤ ችግር ያጋጥማል ወይም ይፈጠራል፤ ስብሰባ ይካሄዳል፤ ሥራ ይከናወናል፤ ወንጀል ይፈጸማል፤ አዲስ ነገር ይከሰታል። «ተከናወነ» ካልን ሥራው በመልካም ተፈጽሟል ማለታችን ነው፤ ስለዚህም «አደጋ ተከናወነ» የሚል የለም። «ተካሄደ» ካልን ደግሞ ነገሩን የሚያስኬደው ሰው አለ ማለት ነው። የአደጋ ዘገባ የሚጽፍ መሐንዲስ ለእነዚህ ልዩነቶች ጆሮውን መስጠት ይኖርበታል። «በመደርመስ ምክንያት ጉዳት ደረሰ» እና «ድጋፉ ያለ ፈቃድ በመነሣቱ ጉዳት ደረሰ» የሚሉት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ነገሩን ከሰማይ እንደ ወረደ ያስመስለዋል። ግሡ አድራጊውን ሲደብቅ መርማሪውም መንገዱን ይስታል።

የመቀጠልና የመሆን ቃላት መቀላቀል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በአቪዬሽን ታሪክ ተጽፏል። በ1969 ዓ.ም. መጋቢት 18 ቀን፣ ይኸውም በ27 ማርች 1977 እ.ኤ.አ.፣ በቴኔሪፍ ደሴት ሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው አውሮፕላን የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው በመንደርደሪያው ላይ መሮጥ ጀምሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ረዳት አብራሪው በሬዲዮ የተናገረው ቃል፣ በቀጥታ ሲመለስ «አሁን በመነሣት ላይ ነን» የሚል ነው። በመቆጣጠሪያ ማማ የነበረው ሠራተኛ አውሮፕላኑ በመነሻው ቦታ ቆሞ ፈቃድ የሚጠባበቅ መሰለው። የቋንቋ ምሁራን እንደ ገመቱት፣ ረዳት አብራሪው ሆላንዳዊ ስለነበረ እየተካሄደ ያለን ድርጊት በእናት ቋንቋው ሥርዓት «በ...ላይ» ብሎ ገልጾት ይሆናል። ለአደጋው ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ ጭጋጉ፣ የሬዲዮ ድምፆች መደራረብና የመብረር ችኮላ ተደምረውበታል። ነገር ግን የቃሉ ድርሻ ቀላል አልነበረም።

ይህን አነጋገር አማርኛ ተናጋሪ በተለየ ጥንቃቄ ሊያጤነው ይገባል፤ አማርኛም እየተካሄደ ያለን ድርጊት የሚገልጸው ልክ እንደዚያው «በመነሣት ላይ ነን»፣ «በመሥራት ላይ ነን» በማለት ነውና። ይህ አነጋገር በአማርኛ ትክክል ነው፤ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ግን ድርጊቱን ወደ ቦታ ይለውጠዋል። ከዚያ አደጋ በኋላ መነሣትን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል ፈቃዱ በሚሰጥበት ወይም በሚሰረዝበት ጊዜ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ ሌላ ቃል እንዲተካው ተደረገ። ከዚህም ሌላ «ጎ አሄድ» የሚለው ቃል በሬዲዮ «መልእክትህን ቀጥል» ለማለት ሲነገር፣ አብራሪው «ጉዞህን ቀጥል» ብሎ ሊሰማው እንደሚችል ስለ ታወቀ፣ በእንግሊዝ አገር «መልእክትህን አስተላልፍ» በሚል ግልጽ አነጋገር ተተክቷል።

በጎ ምሳሌም አለ። በ1961 ዓ.ም. ሐምሌ 13 ቀን፣ ማለትም በ20 ጁላይ 1969 እ.ኤ.አ.፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ስትወርድ በሂዩስተን የነበሩት የበረራ ተቆጣጣሪዎች በየደረጃው «ጎ» ወይም «ኖ ጎ» እያሉ ይመልሱ ነበር። መንኮራኩሯ ጨረቃ ላይ ካረፈች በኋላ ግን «ጎ» ማለት ቆይታው ይቀጥል ማለት ይሁን ወይም ተነሥታችሁ ሂዱ ማለት ይሁን ሊያሻማ ይችል ነበር። ስለዚህ የበረራው ኃላፊ ጂን ክራንዝ ከተቆጣጣሪዎቹ የጠየቀው መልስ «ስቴይ» ወይም «ኖ ስቴይ»፣ በአማርኛ «ይቆዩ» ወይም «አይቆዩ» የሚል ሆነ። አንድ ቃል ሁኔታው ሲለወጥ ፍቺው እንደሚገለበጥ አስቀድሞ ማየት ራሱ የምሕንድስና ሥራ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ገዛ ቢሮአችን እንመለስ። በየወሩ በሚጻፉ የሥራ ዘገባዎች ውስጥ «ሥራው በመካሄድ ላይ ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ሦስት ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን ይሸፍናል። ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየተፋጠነ ሊሆን ይችላል፤ እየተንፏቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጥበቃ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በሦስቱም ሁኔታ ጸሐፊው አልዋሸም፤ ነገር ግን በሦስቱም ሁኔታ አለቃው ምንም አላወቀም።

በተመሳሳይ መንገድ «በግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ቀጥሏል» የሚል ዘገባ ስንጥቁ ረዘመ፣ ሰፋ ወይም እንዳለ ቆየ የሚለውን አይለይም። አማርኛ ለዚህ የተሻለ መሣሪያ አለው። «እየሰፋ መጣ» ከቀድሞው ጀምሮ እስከ ዛሬ የታየውን ለውጥ ይናገራል፤ «እየሰፋ ሄደ» ከአንድ ጊዜ ጀምሮ ወደ ፊት የገፋውን ይናገራል። ከጎኑ የመለኪያው ቁጥርና ቀኑ ሲጻፍ ደግሞ ጥርጣሬ አይኖርም። በሚሊሜትር የተለካ ስንጥቅ በሚቀጥለው ወር ከሌላ መለኪያ ጋር ይነጻጸራል፤ «ቀጥሏል» የተባለ ስንጥቅ ግን ከምንም ጋር አይነጻጸርም።

ከዚህ ሁሉ አራት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ «ጎ ኦን»ን ወይም ከዘመዶቹ አንዱን በሰነድ ላይ ያገኘ መሐንዲስ፣ ቀጠለ፣ እንደገና ተነሣ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ ወይስ ሆነ ማለት እንደሆነ ሳይለይ አይተርጉም። ሁለተኛ፣ በውልና በመመሪያ ውስጥ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ይመረጥ፤ ያም ቃል መቶ ጊዜ ቢደገም እንደ ነውር አይቆጠር። ሦስተኛ፣ መቀጠልን የሚናገር ዓረፍተ ነገር ሁሉ አድራጊውን፣ የተጀመረበትን ቀንና መጠኑን ይያዝ። አራተኛ፣ በሬዲዮ፣ በስልክም ሆነ በግንባታ ቦታ በጩኸት የሚተላለፍ ትእዛዝ፣ ግማሹ ባይሰማ እንኳ በተቃራኒው እንዳይተረጐም ሆኖ ይመረጥ።

እነዚህን ቃላት ከነአማርኛ አቻቸው በአንድ አጭር መዝገብ አሰባስቦ ለየቢሮው ማደል ማኅበሩ ሊያደርገው የሚችለው ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የየዘርፉ ባለሙያ ጥቂት ምሽቶች መስጠቱን ነው። የመንገድ መሐንዲሱ የውሉን ቃላት፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ የማሽኑን ቃላት፣ የውኃ መሐንዲሱ የፓምፑን ቃላት ቢያመጣ መዝገቡ ይሞላል። ይህ ሲሆን በሚመጣው ዓመት ዘገባዎች ውስጥ «ሥራው በመካሄድ ላይ ነው» ተብሎ ሲነበብ፣ አንባቢው ቀጥሎ የሚያገኘው ቁጥር፣ ቀንና ኃላፊነቱን የተሸከመ ሰው ስም ይሆናል።